ቀባሪ አያሳጣህ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ላወራችሁ የፈለግኩት ነገር ከአያቴ ምርቃት ይጀምራል።

ልጅ ሆኜ ተልኬ ስመለስ አያቴ "ቀባሪ አያሳጣህ" ትለኝ ነበር። ደስ አይለኝም ነበር። "እደግ፣ ተመንደግ" የሚባል ምርቃት እያለ ለልጅ ስለ ቀብር ይወራል እንዴ?

ኅዳር 12 ደግሞ አለ። የኅዳር ሚካኤል። ግቢው ይጠረጋል፣ ቆሻሻው በር ላይ ይከመርና ይለኮሳል። ሰፈሩ በጭስ ይታፈናል። "ኅዳር ሲታጠን" እንላለን፤ የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። እኛ በእሳቱ ዙሪያ እንሯሯጣለን። ለምን እንደሚጨስ የጠየቀ ልጅ ግን አላስታውስም።

ምርቃቱና ጭሱ የአንድ ታሪክ ሁለት ጫፍ መሆናቸው የገባኝ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው።

ዘመኑ 1911 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆቹ 1918። ንግሥት ዘውዲቱ ዙፋን ላይ፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ። ባቡሩ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ከገባ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም። ኅዳር 2 ቀን አውሮፓ ላይ ታላቁ ጦርነት አበቃ። በዚያው ሰሞን እኛ ከተማ ሞት ገባ። ዓለም የስፔን ጉንፋን ይለዋል። እኛ የኅዳር በሽታ አልነው።

ጉንፋን ሲባል ቀላል ይመስላል። ይኼኛው ግን ሳንባ ላይ ይወርዳል። ደግሞ ሕፃንና ሽማግሌ ብቻ አይደለም የሚወስደው፤ ጉልበት ያለውን፣ ከሃያ እስከ አርባ ዓመት ያለውን ጎልማሳ ነው አብዝቶ የሚጥለው። ይሄን ሳስብ ነው የሚጨንቀኝ። አስታማሚውም፣ ውኃ ቀጂውም፣ መቃብር ቆፋሪውም እነሱ ናቸዋ።

ራስ ተፈሪም ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። በኋላ "ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ" ላይ ሲጽፉ ከኅዳር 7 እስከ 20 ድረስ አዲስ አበባ ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ ሰው እንደሞተ ተናግረዋል። ሁለት ሳምንት ነው እኮ! ከተማዋ ያኔ የዛሬዋን የምታህል አይደለችም። ሐኪሞቿ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ቢበዙስ ምን ያደርጋሉ? መድኃኒት የለም። ቫይረሱ ራሱ ከሰው ተለይቶ የታወቀው በ1933 እ.ኤ.አ. ነው።

ሰዉ በሽታውን ያመጣው የተበላሸ አየር ነው ብሎ አመነ። ስለዚህ አጠነ። ጭሱ የመጣው ከዚያ ነው ይባላል።

አያቴ ያንን ዓመት አላየችም። የሰማችው ከእናቷ ነው። እናቷ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ታላቅ ወንድሟ ሞተ። ቤት ውስጥ መቆም የሚችል ሰው አልነበረም። ጎረቤትም ወድቋል። ሬሳው አደረ። በኋላ ሁለት የማይታወቁ ሰዎች መጥተው ወሰዱት። የት እንደቀበሩት የሚያውቅ የለም። ጉድጓዱ ጥልቅ ካልሆነ ደግሞ ጅብ አለ። ያን ጊዜ ጅብ ሬሳ ያወጣ ነበር።

እኛ አገር ሞት ብቻውን አይመጣም። ድንኳን አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ሰልስት፣ አርባ፣ ተዝካር አለ። የኅዳር በሽታ ሰውን ብቻ አይደለም የገደለው፤ ይሄን ሁሉ ነጠቀ። እኔን ከቁጥሩ በላይ የሚያመኝ እሱ ነው።

በ2012፣ በኮሮናው ጊዜ፣ አንድ ጎረቤታችን አረፉ። ቀብራቸው ላይ ተራርቀን የቆምን ጥቂት ሰዎች ነበርን። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰፈሩ ነቅሎ ይወጣ ነበር። ቤት ገብቼ ለአያቴ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና "ቀባሪስ አላጡም፣ ተመስገን" አለች። ከዚያ ነው የእናቷን ወንድም ነገር ያወራችኝ።

ስሙን ጠየቅኳት። ከእናቷ ሌላ ሲጠራው የሰማችው ሰው የለም፤ ግን ታስታውሰዋለች። የክርስትና ስሙን ጭምር። ወረቀት ላይ ጻፍኩት።

ሰሞኑን ማዘጋጃ ቤቱም፣ የጤና ባለሙያዎችም "አታቃጥሉ፣ ሰብስቡ" ይላሉ። ትክክል ናቸው፤ ጭሱ ለሳንባ አይበጅም። እኔም ዘንድሮ አላቃጥልም። ኅዳር 12 ጠዋት ሚካኤል እሄዳለሁ፤ ወረቀቷን ለቄሱ እሰጣለሁ። ከመቶ ዓመት በኋላም ቢሆን ስሙ በጸሎት ይነሳ።

በሉ፣ ደህና ሁኑልኝ።