የገናን ዶሮ ማን ይንጭ?

በሲያትል ለኢትዮጵያ ማኅበረሰብ አባላት የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ኩላሊት ለተተካላቸው፣ ኬሞቴራፒ (የካንሰር መድኃኒት) ለሚወስዱ፣ የሰውነት መቆጣትን የሚያበርደውን ፕሬድኒሶን ለሚውጡ፣ በዚህም በሽታን የመከላከል አቅማቸው ለደከመ ወገኖች መድኃኒት አዘጋጃለሁ። ለገና በዓል ሁለት ሳምንት ሲቀረው እዚህ የቆምኩት ስለ እነሱና ከዶሮ ስለሚተላለፈው የወፍ ኢንፍሉዌንዛ ለመናገር ነው።

በዚሁ በዋሽንግተን ግዛት፣ በግሬይስ ሃርበር አውራጃ ይኖሩ የነበሩ አንድ አዛውንት በወፍ ኢንፍሉዌንዛ ታመው ኖቬምበር 21 ቀን 2025 አረፉ። የያዛቸው ኤች5ኤን5 የተባለው ዓይነት ነው፤ ከዚያ በፊት በሰው ላይ ተገኝቶ አያውቅም። ቀድሞም ሌላ ሕመም ነበረባቸው፣ በግቢያቸውም ዶሮ ያረቡ ነበር። በጃንዋሪ 2025 መሞታቸው የተነገረው የሉዊዚያናው ታማሚም፣ ኤች5ኤን1 በተባለው ሌላ የወፍ ኢንፍሉዌንዛ ዓይነት በአሜሪካ የመጀመሪያው ሟች፣ ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ነበር፤ እሳቸውም ሌላ ሕመም ነበረባቸው፣ ከግቢ ዶሮና ከዱር ወፎች ጋርም ንክኪ ነበራቸው።

በቋንቋችን «የወፍ ጉንፋን» ማለታችን ያሳስበኛል፤ ጉንፋን ስንል በዝንጅብል ሻይ የሚያልፍ ነገር ይመስለናልና። እርግጥ ነው፣ ከ2024 ወዲህ በአሜሪካ ከተያዙት 70 ገደማ ሰዎች አብዛኞቹ የከብትና የዶሮ እርባታ ሠራተኞች ሲሆኑ፣ ዓይናቸው ቀልቶ ወይም ቀለል ያለ ሕመም ታመው ድነዋል። ነገር ግን ከ2003 ጀምሮ በዓለም ዙሪያ በኤች5ኤን1 መያዛቸው ከተረጋገጠው ከ900 በላይ ሰዎች ግማሽ ያህሉ ሞተዋል። ቫይረሱ ለአገራችንም ሩቅ አይደለም፤ በ2006 ጎረቤታችን ጅቡቲ ውስጥ አንድ ሰው ይዟል።

በሽታን የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ተራውን ኢንፍሉዌንዛ እንኳ በቶሎ ከሰውነቱ አያስወጣም፤ ጤነኛ ሰው በሳምንት ውስጥ የሚገላገለው ቫይረስ በእንዲህ ዓይነቱ ታማሚ ሳንባ ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት እየተራባ ይቆያል፤ በቆየ ቁጥርም ራሱን የመለወጥና የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት የሆነውን ኦሴልታሚቪርን፣ ማለትም ታሚፍሉን፣ የመቋቋም ዕድል ያገኛል። የሉዊዚያናው ታማሚ ቫይረስ ሲመረመር በግቢው ዶሮዎች ላይ ያልታዩ ለውጦች ተገኝተውበታል። ስለዚህ አንድን ደካማ ወገን መጠበቅ ሌሎቻችንንም መጠበቅ ነው።

አሁን ወደ ወጥ ቤታችን ልምጣ። አደጋው ከዶሮ ወጡ ላይ አይደለም፤ ሥጋው ውስጡ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ቫይረሱ ይሞታል፣ የእኛ ወጥ ደግሞ ለሰዓታት ይንተከተካል። አደጋው ከዚያ በፊት ነው፦ ከእርሻ በሕይወት የተገዛውን ዶሮ ስንይዝ፣ ባርከን ስናርድ፣ በፈላ ውሃ ነክረን ላባውን ስንነጭ፣ ሆድ ዕቃውን ስናወጣና ብልቱን ስንገነጥል። ደሙም ኩሱም ከእጅ ወደ ዓይንና ወደ አፍ ይሄዳል፣ ብናኙ በትንፋሽ ይገባል። በግብፅና በካምቦዲያ በርካቶች የተያዙት በየቤታቸው የታመመ ወይም የሞተ ዶሮ ሲነኩና ሲያዘጋጁ ነው። እርጎና አይብ ለመሥራት ጥሬ ወተት የምትገዙም አስቡበት፤ ቫይረሱ ከማርች 2024 ጀምሮ በአሜሪካ የወተት ላሞች ውስጥ ተገኝቷልና። የተፈላ ወይም ፓስቸራይዝድ የሆነ (ተሕዋስያኑ እንዲሞቱ በፋብሪካ የሞቀ) ወተት ይሻላል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከእኛ መካከል ሕመማቸውን የደበቁ አሉ። ኩላሊት የተተካላት እናት «ሰው ይሰማብኛል» ብላ ለእህቷ እንኳ ስላልነገረች፣ በበዓል ዋዜማ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ዶሮ ትነጫለች፤ እምቢ ብትል ምን ሆንሽ ትባላለችና። ይህን ሸክም ከእሷ ላይ ማንሳት የእኛ ድርሻ ነው። «እኔ አልነካም» ያለን ሰው ምክንያቱን አትጠይቁት፤ ሽንኩርት እንዲያቁላላ ስጡትና ሥራው ይቀጥል። ጤነኞቻችሁም ቢሆን የእጅ ጓንት፣ የፊት ጭንብልና የዓይን መከላከያ አድርጉ፤ ሥራውን ከቤት ውጭ ሥሩ፣ ቢላውንና መክተፊያውን በሳሙና እጠቡ።

በሽታን የመከላከል አቅማችሁ የደከመ ሆኖ ዶሮ ከነካችሁ፣ ለአሥር ቀን ራሳችሁን ተከታተሉ። ትኩሳት አልመጣም ብላችሁ አትዘናጉ፤ ፕሬድኒሶን ትኩሳትን ሊሸፍነው ይችላል። ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የዓይን መቅላት ካያችሁ በዚያው ቀን ሐኪማችሁ ጋ ደውሉ፣ «ዶሮ ነክቻለሁ» የሚለውንም በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፤ ካልነገራችሁት ሐኪሙ የወፍ ኢንፍሉዌንዛን ላያስብ ይችላል። ኦሴልታሚቪር በቶሎ ሲጀመር ይበልጥ ይጠቅማልና የምርመራው ውጤት እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ሳንባ የተጎዳ መሆኑ እየታየ የአፍንጫው ምርመራ ቫይረስ የለም ቢል፣ ከሳንባ ናሙና እንዲወሰድ ጠይቁ። የየዓመቱ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ከወፍ ኢንፍሉዌንዛ ባይከላከልም፣ ሁለቱ ቫይረሶች በአንድ ሰው ውስጥ እንዳይገናኙ ይረዳልና ተከተቡ።

የምትወስዱት መድኃኒት በሽታን የመከላከል አቅም የሚያደክም መሆን አለመሆኑን ያላወቃችሁ፣ ብልቃጡን ይዛችሁ ኑ። ከስብሰባው በኋላ በጓዳው ክፍል አንድ በአንድ፣ ሌላ ሰው ሳይሰማ አነጋግራችኋለሁ።