የድሮ ፖርሽ 911 ኦሪጅናል ዕቃ እንዴት ይፈለጋል?

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩ አራት ፒስተኖች፤ አንዱ በካርቶን፣ አንዱ ያገለገለ]

በአሮጌ ፖርሽ ገበያ ላይ «ኦሪጅናል ነው» ሲባል ቢያንስ አራት ነገር ሊሆን ይችላል። ፖርሽ ራሱ አሽጎ የሚሸጠው አለ። ለፖርሽ ያቀርብ የነበረው ፋብሪካ በራሱ ስም የሚሸጠው አለ፤ ለምሳሌ ፒስተን ከማህሌ፣ ፍሪሲዮን ከሳክስ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ከቦሽ። ያኔ ተመርቶ ሳይገጠም መጋዘን የቆየ አለ። ከሌላ መኪና የተፈታም አለ። የአራቱ ዋጋ አይገናኝም፤ ሻጩ ግን ሁሉንም በአንድ ቃል ይጠራቸዋል። ከእነዚህ ውጭ ያለው ኮፒ ነው።

በዚህ ቪዲዮ የምናየው ከ1965 እስከ 1973 የወጡትን፣ ረጅም ኮፋኖ ያላቸውን ሞዴሎች ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የራሳችሁን መኪና ለዩ። ሊብሬ ላይ የተጻፈው ዓመት ብቻውን ያሳስታል፤ የፖርሽ የሞዴል ዓመት የሚጀምረው ከበጋ እረፍት በኋላ፣ በኦገስት ነው። በኦክቶበር 1971 የተሠራ መኪና የ1972 ሞዴል ነው። የሻንሲ ቁጥሩን ከፊት ዕቃ መጫኛው ውስጥ፣ የሞተሩን ቁጥርና ዓይነት ደግሞ ከማቀዝቀዣው ፋን አጠገብ ካለው የሞተር አካል ላይ አንብቡ። ዓይነቱ 911/53 ካለ ኤስ የተባለው የ911 ሞዴል የ2.4 ሊትር ሞተር ነው፤ 911/83 ካለ የ1973 ካሬራ አርኤስ ነው። አርኤስ የተመረተው 1,580 ብቻ ስለሆነ ይህን ቁጥር በሐሰት የሚመታ አይጠፋም። ቁጥሩ ያረፈበት ገጽ ከዙሪያው ዝቅ ካለ ወይም ከዙሪያው ይልቅ ከለሰለሰ፣ የቀድሞው ተፍቆ ሌላ ተመትቶ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ሳያየው አትክፈሉ።

የሞዴል ዓመት ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል? ለ1969 ሞዴል በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ከ2,211 ወደ 2,268 ሚሊ ሜትር አደገ። የኋላው ጎማ 57 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ስለሄደ የ1968 የኋላ ፓራፋንጎ ለ1969 መኪና አይሆንም። 1972 ደግሞ ብቻውን የቆመ ዓመት ነው። የዘይቱ ጋን ከቀኝ የኋላ ጎማ ፊት ተቀመጠ፤ መሙያውም በቀኝ በኩል ከበሩ ኋላ በውጭ በሚከፈት ክዳን ሆነ። ነዳጅ ማደያ ያሉ ሠራተኞች ቤንዚን እየሞሉበት ስላስቸገረ ለ1973 ቀረ። የ1972 የኋላ የቀኝ ፓራፋንጎ የምትፈልጉ ከሆነ እንግዲህ ትዕግሥቱን ይስጣችሁ።

[ምስል፦ 911.503.031 የሚል ቁጥር በትልቁ]

አሁን ወደ ቁጥሩ። ፖርሽ የአሮጌ ሞዴሎቹን የዕቃ ካታሎግ በድረ ገጹ በነጻ አስቀምጧል፤ የመኪናችሁን ዓመት አውርዳችሁ ከሥዕሉ ላይ ቁጥሩን ውሰዱ። ይህ 911.503.031 የፊት የግራ ፓራፋንጎ ነው። 911 ዕቃው መጀመሪያ የተነደፈለት ሞዴል ነው። በ503 መጀመሪያ ያለው 5 ቦዲን ያመለክታል፤ 1 ቢሆን ሞተር፣ 6 ቢሆን ኤሌክትሪክ ነበር። 031 ጎደሎ ስለሆነ ግራ ነው፤ ቀኙ 032 ነው። ግራና ቀኝ የሚለየው በሹፌሩ ወንበር ተቀምጦ ወደፊት ሲታይ ነው። በመጨረሻ የሚከተሉት ሁለት አኃዞች ዕቃው ስንተኛ ጊዜ እንደተሻሻለ ይናገራሉ።

በ901 የሚጀምር ቁጥር ስታዩ አትደንግጡ። መኪናው በ1963 ፍራንክፈርት ላይ የታየው 901 ተብሎ ነው፤ ፔዦ መካከሉ ዜሮ የሆነ ባለሦስት አኃዝ ስም የኔ ነው ብሎ ስለተቃወመ በ1964 911 ተባለ። ዕቃዎቹ ግን የድሮ ቁጥራቸውን ይዘው ቀሩ።

ሻጭ ጋ ስትደርሱ መግለጫውን ተዉት፤ የተመታውን ቁጥር ፎቶ ጠይቁ። የዕለቱን ቀን ወረቀት ላይ ጽፎ ከዕቃው ጎን አድርጎ ያንሳው። ፉክስ የተባለው ፋብሪካ የሠራው ቸርኬ ከሆነ ጀርባውን ያሳያችሁ፤ ስፋቱ፣ የዕቃ ቁጥሩና የተሠራበት ወርና ዓመት እዚያ አለ። ቪዲኦ (VDO) የተባለው ፋብሪካ የሠራቸው የዳሽቦርድ ጌጆችም ጀርባቸው ላይ ቀን አላቸው። ቀኑ ከመኪናው መሠራት ጥቂት ወራት ቢቀድም ትክክል ነው፤ ከመኪናው በኋላ ከሆነ በኋላ የተቀየረ ነው።

ብዙ ገንዘብ የሚበላው ሞተሩ ነው። ከ1968 እስከ 1977 የመደበኛው 911 ሞተር አካል ማግኒዚየም ነው፤ ቀላል ነው፣ ግን ለስላሳ ነው። ሲሊንደሩንና ቴስታታውን የሚያስሩት የብረት ስታዶች በሙቀት ብዛት ጥርሱን ነቅለው ይወጣሉ። ያገለገለ ከገዛችሁ ስታዶቹ የሚገቡበት ቀዳዳ የብረት ጥርስ ተደርጎለት እንደሆነ ጠይቁ፤ ካልተደረገለት ዋጋው ላይ አስቡት። ከዚያ ብሮንዚናው የሚቀመጥበት ቀዳዳ መስመሩን መጠበቁን ቶርኖ ቤት ያስለኩ።

በቤንዚን መርጫው ፖምፓ ላይም ተጠንቀቁ። ቲ፣ ኢ እና ኤስ የተባሉት የ911 ሞዴሎች ፖምፓዎች ከውጭ ይመሳሰላሉ፤ ውስጣቸው ያለው የቤንዚኑን መጠን የሚወስነው ካም ግን ለየሞተሩ የተቀረጸ ነው። የቲውን ኤስ ላይ ብትገጥሙ ድብልቁ ከሞተሩ ፍላጎት ጋር አይገጥምም፤ ቤንዚን ያንሳል ወይም ይበዛል፣ ማስተካከያ ብሎን ብታዞሩም አይድንም።

ኦሪጅናልነትን መተው የሚያዋጣበት ቦታም አለ። የድሮው የካቴና (የካምሻፍቱ ሰንሰለት) መወጠሪያ ሲደክም ካቴናው ይላላል፣ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። በ1984 ካሬራ 3.2 የመጣው በዘይት ግፊት የሚሠራ መወጠሪያ በድሮው ሞተር ላይ ይገጠማል። ለኦሪጅናልነት ውድድር ዳኛ የማይቀርብ መኪና ከሆነ ይህን አድርጉ፤ የወጣውን አስቀምጡት።

ላሜራ ኮፒ ብትገዙ መቁረጥና ማስተካከል እንደሚኖር ቀድማችሁ አስሉ። በሩና ኮፋኖው ተገጥመው ክፍተታቸው እኩል መሆኑ ሳይታይ ብየዳ አይጀመር። የበር ጎማ ላይ ግን አትቆጥቡ፤ ርካሹ ኮፒ ስለሚጠጥር በሩ ካልተደበደበ አይዘጋም።

በመጋዘን የቆየ ያልተገጠመ ዕቃ ከብረት ሲሆን ወርቅ ነው፤ ከላዩ ዝገት ቢኖርበትም ይጠረጋል። የፍሬን ጎማ ቱቦ፣ የቤንዚን ቱቦና ጋርኒሲዮን ሲሆን ግን ካርቶኑ ሳይከፈት ያረጃል። እነዚህን ዘንድሮ የተመረተ ግዙ፤ ያማረውን የድሮ ካርቶን ለጌጥ የሚገዛ ሰብሳቢ አይጠፋም።