ዲፈረንሻሉን ማን ሰበረው?

(ለመስክ ሹፌሮች፣ መካኒኮችና ባለንብረቶች ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ። ሹፌሮች፣ መካኒኮች፣ ባለንብረቶች፣ ረዳቶችም ጭምር።

አዘጋጆቹ የጠየቁኝ ስለ አክስልና ዲፈረንሻል፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ለግራና ለቀኝ ጎማ ስለሚያካፍለው ማርሽ፣ ጥገናና ማሻሻያ እንድናገር ነው። እናገራለሁ። ሁለቱን ጎማዎች አንድ ላይ ስለሚቆልፈው ሎከርም፣ ስለ ትልልቁ ጎማም፣ ስለ ዘይቱም እደርሳለሁ። ግን ውስጤን የሚያንገበግበኝ አንድ ጉዳይ አለ። መጀመሪያ እሱን ልናገር።

ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና፣ አራቱም ጎማ የሚነዳው፣ አፋር ሐመድ ኤላ ወይም ኦሞ ውስጥ ሲሰብር መጀመሪያ የሚከሰሰው ማን ነው? ሹፌሩ ነው። «ምን አድርገህ ነው?» ይባላል። መኪናው በአይሱዙ ተጭኖ አዲስ አበባ ሳይደርስ ፍርዱ አልቋል። ከደሞዙ ይቆረጣል፣ ወይ ሥራውን ያጣል። እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ማን ገጠመው ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ለክቶ ነው የገጠመው ወይስ በእጁ ነቅነቅ አድርጎ «ልክ ነው» ብሎ? የትኛውን ፒኒየን፣ ትንሹን ማርሽ፣ ከየትኛው ክራውን፣ ከትልቁ ማርሽ ጋር ነው ያገናኘው? ይሄን የሚጠይቅ ባለንብረት አላየሁም ማለት ይቻላል።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። አንዳንዶቻችሁ መኪናውን ታውቁታላችሁ።

ላንድክሩዘር 78 ነው፣ ያ ረጅሙ። የኋላ ዲፈረንሻሉ ይጮህ ስለነበር ባለቤቱ አንድ ጋራዥ አስገባው። የጋራዡን ስም አልጠራም። ጋራዡ ከሌሎች መኪኖች የወጣ ያገለገለ ዕቃ አሰባስቦ፣ የአንዱን ክራውን ከሌላው ፒኒየን ጋር አቀላቅሎ ገጠመለት። ወዲያው መኪናው እንግዶች ጭኖ ወደ ኦሞ ወጣ። ሹፌሩ ወጣት ልጅ ነው፣ ጠንቃቃ። ቡታጅራ ሳይደርስ ድምፅ ሰማ። ነዳጅ ሲሰጠው ያፏጫል፣ እግሩን ሲያነሳ ይጠፋል። ይሄ ድምፅ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ያላችሁ መካኒኮች ታውቃላችሁ። ጥርስ ከጥርስ በትክክለኛው ቦታ አልተገናኘም ማለት ነው። ልጁ መኪናውን አቁሞ ጋራዡ ጋ ደወለ። ምን አሉት? «አዲስ ስለተገጠመ ነው፣ እየሄደ ይለምዳል።»

ይለምዳል! ዲፈረንሻል ምን ብሎ ነው የሚለምደው? የሚያፏጭ ዲፈረንሻል እየተበላ ነው የሚሄደው። ይሄን የማያውቅ ሰው ዲፈረንሻል መክፈት የለበትም፤ እያወቀ «ይለምዳል» የሚል ደግሞ ጭራሽ ከሙያው መውጣት አለበት!

ልጁ አርባ ምንጭ ሲያድር ዘይቱን አየ፤ ልኩ ላይ ነው። ኮንሶን አልፎ ወደ ወይጦ ሲወርድ ፉጨቱ ወደ ማጉረምረም ተለወጠ። ኩሽኔታውም ተነካ ማለት ነው። እንደገና ደወለ፣ አሁን ለባለቤቱ። ባለቤቱ እንግዶቹ ፕሮግራም አላቸው፣ ቀጥል አለው። ምን ያድርግ? ቱርሚ አጠገብ የከስኬን ወንዝ አሸዋ ተሻግሮ፣ ፎር ዊል እንደገባ ድንጋያማውን ዳገት ሲጀምር ጓ! አለ። እዚያው ቀረ።

መኪናው ተጭኖ እኔ ጋ መጣ። ባለቤቱም ሹፌሩም በሌሉበት አልፈታም አልኩ። ሁለቱም ቆመው ፈታሁት።

ፒኒየኑ ጫፍ ላይ ያለው ቁጥርና ክራውኑ ላይ ያለው ቁጥር አይገናኝም። ክራውንና ፒኒየን ፋብሪካው አንድ ላይ አፋትጎ፣ አንድ ላይ ፈትሾ፣ ጥንድ አድርጎ ነው የሚያወጣቸው። ማፋታት አይቻልም። በፒኒየኑ ሁለት ኩሽኔታዎች መካከል ያለው ክራሽ ስሊቭ ደግሞ አሮጌው ነው። እሱ ዳዶው ሲጠብቅ እየተጨፈለቀ የኩሽኔታውን ጥብቀት የሚይዝ ቀለበት ነው። አንዴ ከተጨፈለቀ አለቀ፣ ዲፈረንሻል በተፈታ ቁጥር በአዲስ መቀየር አለበት። ያን ትንሽ ዕቃ ላለመግዛት አሮጌውን መልሰው ዳዶውን በግምት አስረውታል። ሺም የሚባለው፣ የፒኒየኑን ጥልቀት የሚወስነው ስስ ቀለበት፣ ከየትኛው ዲፈረንሻል እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ጥርሶቹ ላይ ያለው መፋተጊያ መሃል መሆን ሲገባው ዳር ዳሩን ብቻ ይዟል። መኪናው ከአዲስ አበባ እስከ ቱርሚ ያን ሁሉ ጭነት የተሸከመው በጥርሱ ጠርዝ ነው።

ከዚያ ጥርስ ቆጠርኩ። ክራውኑ 43፣ ፒኒየኑ 10። የፊቱን ከፈትን፤ 41 በ10። የክራውኑን ጥርስ ለፒኒየኑ ስታካፍሉት ሬሾው ይወጣል፤ የኋላው 4.30፣ የፊቱ 4.10 ማለት ነው፤ ወደ 5 በመቶ ልዩነት። በሁለት ጎማ ሲነዳ ማንም አያውቀውም። ፎር ዊል ሲገባ ግን የፊቱና የኋላው በተለያየ ፍጥነት መዞር ይፈልጋሉ፣ መሃላቸው ደግሞ ታስሯል። አሸዋ ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ያስተነፍሰዋል። ድንጋይ ላይ ሲወጣ ጭነቱ መሄጃ ያጣና የደከመው ቦታ ላይ ያርፋል። የደከመው ቦታ ያ ሳይለካ የተገጠመ ጥርስ ነበር።

የልጁ ደሞዝ ግን አስቀድሞ ተቆርጧል። ሁለት ጊዜ የደወለው ልጅ! ድምፁን የሰማው፣ ዘይቱን ያየው፣ ያስጠነቀቀው እሱ ብቻ ነው፣ የከፈለውም እሱ ብቻ ነው። ይሄ ነገር መቆም አለበት! ከዛሬ ጀምሮ!

ሹፌር አይሰብርም አላልኩም። ይሰብራል። ግን ብረቱን ፈትቶ ማየት እያለ ለምን በግምት እንፈርዳለን? የአክስሉ ዘንግ ስፕላይን፣ ጫፉ ላይ ያለው ጥርስ፣ ተጠማዞ ከመጣ ከልክ በላይ ጉልበት አግኝቷል፤ ጎማ እየዞረ በአየር ላይ ቆይቶ ድንገት መሬት ሲይዝ፣ ሹፌሩም ነዳጁን ሳይለቅ ሲቀር እንዲህ ይሆናል። እዚያ ላይ ሹፌሩን ጠይቁት። ስብራቱ ላይ እንደ ማዕበል የተደረደሩ መስመሮች ካሉ ግን ስንጥቁ ቀስ እያለ ቆይቶ ነው ያደገው፣ በዚያ ቀን የተፈጠረ አይደለም። ኩሽኔታውና ጥርሱ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ተቃጥሏል፤ ወይ ዘይት አልነበረውም ወይ ከልክ በላይ ጠብቆ ታስሯል። ይሄን ለማንበብ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ያን የተሰበረ ጥንድ ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ፣ ጠረጴዛው ላይ አለ፣ በሻይ ሰዓት እያገላበጣችሁ እዩት።

ለመካኒኮች ወንድሞቼ አንድ ነገር። ዳያል ጌጅ፣ ጥቃቅን ክፍተት የሚለካውን መሣሪያ፣ ግዙ። የክራውንና የፒኒየን ክፍተት በጣት አይታወቅም። በብዙዎቹ የላንድክሩዘር ዲፈረንሻሎች የሚፈለገው ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊሜትር ነው። የማን ጣት ነው የ0.05 ልዩነት የሚለየው? ጥርሱን ቀለም ቀቡት፣ በሁለቱም አቅጣጫ አዙሩት፣ መፋተጊያውን እዩ፣ ካልሆነ ሺሙን ቀይሩና ድገሙት። አሰልቺ ነው፣ አዎ። ግማሽ ቀን ይወስዳል። ባለንብረቱ የዚያን ግማሽ ቀን ዋጋ መክፈል አለበት፣ እናንተም ሳታፍሩ ጠይቁ። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ዕቃ መግዛትም ነውር አይደለም፣ ጥንዱ ካልተለያየና ጥርሱ ከተቆጠረ። መቁጠር ምንም ወጪ የለውም! ቶዮታ ላይ ደግሞ ሞተር ክፍል ውስጥ ያለው ታርጋ ስለ አክስሉ የሚናገር ኮድ አለው፣ መኪናው ከፋብሪካ በየትኛው ሬሾ እንደወጣ ከዚያ ይታወቃል።

አሁን ወደ ማሻሻያው።

ብዙ ሰው ማሻሻል ሲል ጎማ ማለቱ ነው። 235/85 የሆነውን፣ ቸርኬው 16 ኢንች የሆነ ጎማ አውልቆ ቁመቱ 35 ኢንች የሆነ ያስገባል። የድሮው ቁመት 32 ኢንች እንኳ አይሞላም። አዲሱ ወደ 10 በመቶ ይበልጣል፣ ስለዚህ 4.10 የነበረው ዲፈረንሻል እንደ 3.7 ይሆናል፣ የመሳብ ጉልበቱ ይቀንሳል። ከዚያ ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን ሲወጣ መኪናው ደከመ ብሎ የነዳጅ ፓምፕ ሊያሠራ ይመጣል። ፓምፑ ምንም አልሆነም። ያን ጎማ ከፈለግህ ዲፈረንሻሉን ወደ 4.56 ገደማ መቀየር አለብህ፣ የፊቱንም የኋላውንም አንድ ላይ፣ ባለሙያ ለክቶ። ገንዘቡ ከሌለህ የፋብሪካው ጎማ ሊማሊሞንም ዳናክልንም ሲያስኬድ ኖሯል፣ እሱን ያዝ።

ሎከር ጥሩ ነው። በአየር የሚሠራውም በኤሌክትሪክ የሚሠራውም። አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው ከኋላ ይጀምር። የፊቱን ቆልፎ መሪውን እስከ መጨረሻ አጥፎ ነዳጅ የሚሰጥ ሰው ግን ከፊት ጎማው አጠገብ ዘንጉ የሚታጠፍበትን ሲቪ ጆይንት እየሰበረ ነው፣ እዚያ ላይ ሹፌሩም ይጠንቀቅ። በርካሽ ሎከር እናድርግልህ ብለው የዲፈረንሻሉን ውስጥ ማርሾች የሚበይዱ አሉ። በይደው ደግሞ አስፋልት ላይ ያስወጡታል! የኋላ ጎማዎቹ ኩርባ ላይ ተለያይተው መዞር አይችሉም፣ ዝናብ ላይ መኪናው ይንሸራተታል፣ ውስጡ ሰው አለ። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ካያችሁ ዝም አትበሉ።

ሌሎቹን በአጭሩ ልጥቀስ፣ ሰዓቱም እየሄደ ነው።

የአክስል መተንፈሻ። የሞቀ አክስል ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይሰበሰብና ይስባል። መተንፈሻው ከተደፈነ ውሃውን በኦይል ሲሉ፣ ዘይት እንዳይወጣ በሚያግደው ቀለበት፣ በኩል ያስገባል። ቱቦ ቀጥላችሁ ወደ ሞተር ክፍል ከፍ አድርጉት፤ ከዚህ የረከሰ ማሻሻያ የለም። ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ውሃ ገብቷል፣ ሳታሳድሩ ቀይሩ። ዳሎል ጨው ላይ የገባ መኪና ደግሞ ስሩ በደንብ ይታጠብ።

የፊት አክስል ዙሪያ፣ ጎማው የሚታጠፍበት ድቡልቡሉ ብረት በዘይት ከረጠበ የውስጥ ኦይል ሲል አልቋል። የዲፈረንሻል ዘይት ገብቶ ግሪሱን እያጠበው ነው። መሪ ታጥፎ ሲሄድ ቀጭ ቀጭ ካለ ጆይንቱ ራሱ ተበልቷል።

ጭነቱን ሞዞው፣ ጎማው የሚታሰርበት እምብርት፣ የሚሸከምለት አክስል ያላችሁ፣ ማለትም ብዙዎቹ ላንድክሩዘር 70ዎቹ፣ የአክስሉን ዳዶዎች በየጉዞው ፈትሹ፣ ይላላሉ። ዘንጉ መንገድ ላይ ቢሰበር ጎማው ቦታው ላይ ስለሚቆይ ዘንጉን አውጥቶ፣ ቀዳዳውን ከአቧራ ሸፍኖ፣ ፎር ዊል አስገብቶ በፊቱ ብቻ ቀስ ብሎ መውጣት ይቻላል። ሃይሉክስና ፕራዶ ላይ ይሄን አትሞክሩ፣ የኋላ ጎማውን የያዘው ዘንጉ ራሱ ነው።

ዘይት፤ ለዲፈረንሻል ጂኤል 5 የሚል ደረጃ የተጻፈበት። ያንኑ ዘይት ማኑዋሉ ሳያዝ ካምቢዮ ውስጥ አትጨምሩ።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ዲፈረንሻል የገጠመ ጋራዥ ሁሉ ጥርሱ ስንት በስንት እንደሆነ፣ ክፍተቱ ስንት እንደተለካ፣ ምን እንደተቀየረ በወረቀት ጽፎና ፈርሞ ይስጥ። አንዱ ቅጂ መኪናው ውስጥ ይቀመጥ፣ ሹፌሩ ጋ። ሁለተኛ፣ ሹፌሩ በሌለበት የተሰበረ ዲፈረንሻል አይፈታ፣ ተፈትቶ ምክንያቱ ሳይታወቅም ከሹፌር ደሞዝ ላይ አንድ ብር አይቆረጥ! ባለንብረቶች ዛሬ እዚሁ አላችሁ። የወረቀቱን ናሙና አባዝቼ አምጥቻለሁ፣ በሩ ጋ አለ፣ እየወሰዳችሁ ውጡ። የሚጨመር ወይም የሚቀነስ ካለ መካኒኮች አሁኑኑ ንገሩኝ፣ እናስተካክለዋለን።

አመሰግናለሁ።