መዝገቡ በስልካችን ይከፈት

ክቡራትና ክቡራን፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

አንዲት የማውቃት እናት በርበሬና ሽሮ እያሸገች ትሸጣለች። ለምርቷ ስም አወጣች። ማሸጊያውን አሳተመች፣ ታፔላ ሰቀለች። በኋላ ስሙን ላስመዝግብ ብትል፣ ሌላ ሰው ቀድሟታል። ያ ሁሉ ማሸጊያ ከንቱ ቀረ። ማታ ቤቷ ቁጭ ብላ ስሙን በስልኳ ብትፈልገው ኖሮ ይህ ሁሉ ኪሳራ ባልደረሰባት ነበር።

ዛሬ የመጣሁት ለዚህ ነው። የፓተንትና የንግድ ምልክት መረጃን ማንም ሰው፣ ከየትም ሆኖ፣ በነጻ መፈለግ ይቻል።

ፓተንት ውል ነው። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ፈጣሪው ለ15 ዓመት ብቸኛ መብት ያገኛል። በምላሹ አሠራሩን ዘርዝሮ ይጽፋል፤ ጽሑፉም ለሕዝብ ይፋ ይሆናል። ያ ጽሑፍ ፋይል ውስጥ ከተቀበረ ሕዝቡ ከውሉ ምን አተረፈ?

የጤፍን ነገር ታስታውሳላችሁ። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓ ፓተንት አገኘ። ስንሰማ አንጀታችን አረረ። ሰነዱ ግን የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ በነጻ በከፈተው፣ ኢስፓስኔት በተባለው የኢንተርኔት መፈለጊያ ላይ ነበር። ኩባንያው ምን የኔ ነው እንዳለ ቃል በቃል ይነበባል። እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ይህን ፓተንት በኔዘርላንድ ውስጥ ውድቅ አደረገው። ያልታየን ነገር መሞገት አይቻልም።

ሌላም ጥቅም አለው። ፓተንት የሚሠራው በተሰጠበት አገር ብቻ ነው። ውጭ አገር ተመዝግቦ እዚህ ያልተመዘገበ የውሃ ፓምፕ ካለ፣ የኛ ብረታ ብረት ሠሪ አይቶ እዚሁ ሊሠራው ይችላል።

አሁን የሶፍትዌር ልጆች ስሙኝ፤ ዋናው ሥራ እናንተ ጋ ነው። ሰነድ ስካን አድርጎ መጫን ብቻውን ፍለጋ አይሆንም። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። በጸሎቱ «ጸ»ም በፀሐዩ «ፀ»ም ይጻፋል። መካከሉ ላይ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ይገባሉ። 12 ዓይነት አጻጻፍ፣ አንድ ድምፅ! በላቲን ፊደል የሚጽፈው ደግሞ የየራሱ አለው። ገዢ አንዱን የንግድ ስም ከሌላው የሚያምታታው በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በጆሮውም ጭምር ነው። ስለዚህ መፈለጊያው አንዱን ስንጽፍ ሁሉንም ያምጣልን። እንዲህ ያለውን ነገር ከውጭ ተገዝቶ የሚመጣ ሲስተም በራሱ አያውቀውም። እኛ እንንገረው።

መረጃው ትኩስም ይሁን። የንግድ ምልክት በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። ያልታደሰው የትኛው እንደሆነ በግልጽ ይታይ። ማመልከቻ የገባበት ስምም፣ ገና ሳይጸድቅ፣ ይታይ፤ ተቃውሞ ያለው ሰው በጊዜው እንዲደርስ።

የሞክሼ ፊደላቱን፣ ማለትም ድምፃቸው አንድ የሆነውን፣ ዝርዝር አዘጋጅቼ አምጥቻለሁ። ከስብሰባው በኋላ እዚሁ አዳራሽ እቆያለሁ። ላፕቶፕ የያዛችሁ ኑ፣ ዛሬውኑ እንጀምር።

አመሰግናለሁ።