መነሻውን አምጡልኝ
በድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ በእድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ያስተማርኳችሁም ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ሰብሳቢያችን «ስለ ጠላና ጠጅ ጥንካሬ አሥር ደቂቃ ይናገሩልን» ብለውኛል። ኬሚስትሪ ላስተማረ ሰው አሥር ደቂቃ አይበቃም። ለጠላ ሻጭ ልጅማ ጭራሽ። እናቴ ለምድር ባቡር ሠራተኞች ጠላ እየሸጠች እንዳሳደገችኝ ታውቃላችሁ። ዱቤዋን ሳትከፍሉ የቀራችሁም እዚህ አላችሁ። ስም አልጠራም።

ወደ መጣሁበት ልግባ። አምና በዚያ ሠርግ የሆነውን አልረሳችሁም። ድንኳኑ ደምቋል፤ ጠላው በየጣሳው ይዞራል። አንድ ያስተማርኩት ልጅ ከኪሱ ቀጭን መለኪያ አወጣ። መለኪያ ስል የአረቄዋን አይደለም። ሃይድሮሜትር የሚሏትን፣ ታችዋ የከበደ፣ አንገቷ ላይ ቁጥር ያለባትን የመስታወት ዘንግ ነው። ረጅም ብርጭቆ በጠላ ሞልቶ ነከራት። ጎንበስ ብሎ 1.006 አነበበ። ከዚያ ለድንኳኑ ሁሉ አወጀ፦ «አቦ፣ ይሄ እኮ ውሃ ነው! 0.6 ፐርሰንት ብቻ!»

የሙሽራው አጎት ይህን ሰሙ። ውሃ ነው ተብሏላ! አምስት ጣሳ ጨመሩ። ባጃጃቸውን አስነሱ። ባጃጇን ያገኘናት ደቻቱ አሸዋ ላይ ነው፤ ጎማዎቿን ወደ ሰማይ አድርጋ። ደግነቱ ወንዙ ደርቆ ነበር፤ እሳቸውም በእጅ ስብራት ተረፉ። ሲነጋ የተወቀሰችው ግን ጠማቂዋ ናት። «ምን ጨምራበት ነው?» ተባለ። ይኸው እዚህ ተቀምጣለች። ጌሾ፣ ብቅል፣ ማሽላ፣ ውሃ። ሌላ ምንም የለበትም። ስሟን ያጠፋው ቁጥር አንብቦ ትርጉሙን የማያውቅ ልጅ ነው። ያስተማርኩት እኔ ነኝና ግማሹ ጥፋት የኔ ነው።

ስሙኝ። ሃይድሮሜትር አልኮል አትለካም! ፈሳሹ ከውሃ መክበዱን ወይም መቅለሉን ብቻ ነው የምትናገረው። ንጹህ ውሃ 1.000 ነው። ስኳር ሲሟሟበት ይከብዳል፤ ቁጥሩ ይወጣል። እርሾው ስኳሩን በልቶ ግማሽ ያህሉን አልኮል፣ ግማሽ ያህሉን ጋዝ ያደርገዋል። ጋዙ ይበናል፤ አልኮሉ ይቀራል። አልኮል ደግሞ ከውሃ ይቀላል። ስለዚህ ቁጥሩ ይወርዳል። ጥንካሬው ያለው በወረደበት ርቀት ላይ ነው።

ቤት የሚጠመቅ ቢራ እንውሰድ። እርሾ ሳይገባበት 1.050፣ ሲያልቅ 1.006 ቢሆን ልዩነቱ 0.044 ነው። ልዩነቱን ወደ ፐርሰንት በሚቀይረው ቁጥር፣ በ131 አባዙት፤ 5.8 ፐርሰንት ገደማ ይመጣል። ሌላው ከ1.030 ተነስቶ እዚያው 1.006 ላይ ቢቆም 3.1 ነው። መቆሚያቸው አንድ፣ ስካራቸው ለየቅል። ድሬዳዋ ጣቢያ ላይ የወረደን ሰው አይታችሁ ስንት ኪሎ ሜትር እንደተጓዘ ትናገራላችሁ? ከአዋሽም ከጅቡቲም ሊመጣ ይችላል። ታዲያ መነሻውን ያላየ ሰው በምን አፉ ነው ፐርሰንት የሚያወራው? ከእንግዲህ በዚህ ሰፈር ፈልቶ ያለቀ ጠላ ውስጥ መለኪያ ነክሮ የሴት ስም የሚያጠፋ ካለ፣ መለኪያውን እኔው ራሴ እሰብርበታለሁ!

(እዚህ ጋ «ጭብጨባ» ብዬ ጽፌያለሁ። አመሰግናለሁ።)

ለጠጅ ነገሩ ቀላል ነው። አንድ እጅ ማር ለሦስት እጅ ውሃ ሲበጠበጥ መነሻው 1.100 ገደማ ነው። ለክታችሁ ጻፉት። 1.030 ላይ ስትቀዱት 9 ፐርሰንት አልፏል።

ጠላ ግን ተንኮለኛ ነው። ጥንስሱ ላይ ብትለኩ እንኩሮው ገና አልገባም። ከገባ በኋላ ደግሞ ብቅሉ የእህሉን ስታርች ስኳር እያደረገ፣ እርሾው እግር በእግር እየበላው ነው። አንድ የጠራ መነሻ የለውም። ለእሱ ፍቱኑ እንደ አረቄ ማውጣት ነው። ግማሽ ሊትር ጠላ ለክታችሁ ታወጣላችሁ። ከግማሹ በላይ ሲወጣ ታቆማላችሁ። የወጣውን በውሃ ግማሽ ሊትር ትሞሉታላችሁ። ስኳሩም አተላውም ወደ ኋላ ቀርቷል። አሁን ለውሃና ለአልኮል ድብልቅ ብቻ የተሠራችውን የአልኮል መለኪያ ብትነክሩ የምትለውን እመኑ።

የቀረውን ልሩጥበት። ብዙዎቹ ሃይድሮሜትሮች የተሠሩት ለ20 ዲግሪ ነው። ድሬ ላይ ብርዙ 32 ዲግሪ ከሆነ ባነበባችሁት ላይ 0.003 ጨምሩ። አረፋ መለኪያዋን ወደ ላይ ያነሳታል፤ ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ እየገለበጣችሁ ጋዙን አስወጡ። አጥልላችሁ ለኩ።

ሰብሳቢው ሰዓታቸውን እያሳዩኝ ነው። ጠጅ ልትጥሉ ያሰባችሁ ሳምንት ብርዙን ይዛችሁ ቤቴ ኑ፤ መነሻውን አብረን እንጽፋለን። መለኪያዋ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ናት። ማየት ይቻላል። በሁለት እጅ ያዟት፤ ድሬ ውስጥ ሌላ ፈልጌ አላገኘሁም።