ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሪችመንድ በ95 ቁጥር መንገድ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ዩኒቨርሲቲዎች የሚከፈቱበት ወቅት ሲቃረብ ከአድማጮች የሚደርሱን ጥሪዎች ወደ አንድ መንገድ ያደላሉ፦ በቨርጂኒያ ግዛት ውስጥ ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሪችመንድ የሚወስደው ኢንተርስቴት 95። ርቀቱ 100 ማይል ገደማ ነው። መንጃ ፈቃድ ለሚያወጡ ሰዎች ትምህርት የምሰጥ እንደመሆኔ ይህን መንገድ የሚፈሩ ብዙ ተማሪዎች አሉኝ፤ የሚፈሩበትም ምክንያት አላቸው። ከዚህ በታች ሰዓት ስጠቅስ የምናገረው በአሜሪካ አቆጣጠር ነው።

መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ጥቂት ወራት ሆነኝ፤ ከከተማ ወጥቼ ነድቼ አላውቅም። ልጄ ቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲ ስለገባች ዕቃዋን ጭኜ ላደርሳት ነው። ስልኬ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይላል፣ ጎረቤቴ ደግሞ አራት ሰዓት ፈጀብኝ አለችኝ። የቱን ልመን? (አንዲት እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ)

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ሁለቱንም ይመኑ። ይህ መንገድ በማይል የሚለካ አይደለም፤ የሚያስረዝመውም የሚያሳጥረውም የተነሱበት ሰዓት ነው። አርብ ከቀትር በኋላ 3 ሰዓት ላይ የተነሳና ቅዳሜ ጠዋት 7 ሰዓት ላይ የተነሳ ሰው በአንድ መንገድ የሄዱ አይመስሉም።

በሥራ ቀናት ጠዋት መኪናው የሚጎርፈው ወደ ሰሜን፣ ወደ ዋሽንግተን ነው። ከቀትር በኋላ ይገለበጥና ወደ ደቡብ ይሆናል። እርስዎ ወደ ደቡብ ስለሚሄዱ ጠዋት ለእርስዎ ምቹ ነው፤ ሠራተኛው ወደ ዋሽንግተን ሲገባ እርስዎ በተቃራኒው ይወጣሉ። አርብ ከቀትር በኋላ ግን ፈጽሞ አይነሱ። ወደ ቤቱ የሚመለሰው ሠራተኛ ወደ ባሕር ዳርቻና ወደ ሰሜን ካሮላይና ከሚጓዘው መንገደኛ ጋር ተደራርቦ፣ እስከ ፍሬድሪክስበርግ ያለው 40 ማይል ያህል መንገድ ብቻውን ከሁለት ሰዓት በላይ ሊወስድብዎት ይችላል። በበጋ ወራት ቅዳሜም ረፋዱ ላይ መጨናነቅ ስለሚጀምር ማልዶ መውጣት ነው። ለመመለሻም አስቀድመው ያስቡ። እሁድ ከቀትር በኋላ ወደ ሰሜን የሚመጣው መኪና ብዙ ስለሆነ፣ ወይ እሁድ ጠዋት ይመለሱ ወይ ልጅዎን እራት አብልተው አመሻሽ ላይ ይነሱ።

ስለ አቅጣጫው ደግሞ ይህን ልንገርዎ። የመውጫ ቁጥሮቹ ተራ ቁጥሮች አይደሉም፤ ከሰሜን ካሮላይና ድንበር ጀምሮ የተቆጠሩ ማይሎች ናቸው። በቫን ዶርን ወይም በቴሌግራፍ ሮድ በኩል ዋሽንግተንን በሚዞረው ቀለበት መንገድ ገብተው ስፕሪንግፊልድ ላይ 95፣ 395 እና 495 ወደሚገናኙበት ቦታ ሲደርሱ 170 አካባቢ ነዎት። ፍሬድሪክስበርግ 130 ነው። ለልጅዎ ዩኒቨርሲቲ የሚወጡት 76 ላይ፣ ቤልቪዲር ጎዳና የሚለውን ሰሌዳ አይተው ነው። ስለዚህ በማንኛውም ጊዜ የሚያዩት ቁጥር ላይ 76 ቢቀንሱ የቀረዎትን ማይል ያገኛሉ። ተማሪዎቼን ይህን ሳስተምር ፊታቸው ሲፈታ አያለሁ፤ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው አይደነግጥም።

ሁለት ቦታዎችን በወረቀት ጽፈው ይያዙ። አንደኛው ፍሬድሪክስበርግ መግቢያ ላይ ያለው ራፓሃኖክ ወንዝ ነው። እዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ በ133 ወይም በ130 ለሚወጡና በቀጥታ ለሚያልፉ የተለያየ መስመር አለ። እርስዎ አላፊ ስለሆኑ የአላፊዎቹን ይያዙ። ሁለተኛው መውጫ 84 ነው። 295 ቁጥር ከ95 የሚገነጠለው እዚያ ሲሆን ሪችመንድን ዳር ዳሩን ይዞርና ወደ ደቡብ ያልፋል፤ የእርስዎ መንገድ አይደለም። 95ን ሳይለቁ ይቀጥሉ። ከ79 በኋላ 64 ቁጥር መጥቶ ስለሚቀላቀል መኪናው ይበዛል፤ ከዚያ በፊት በቀኝ በኩል ቦታ ይዘው ይጠብቁ።

በ95 ላይ ባለው ኤክስፕረስ በሚባለው የክፍያ መስመር ልሄድ እፈልጋለሁ፤ ግን ዋጋው በየደቂቃው ይቀያየራል ሲባል ሰምቻለሁ። ለመጠየቅ ያህል፣ ሕፃን ልጅ እንደ ሰው ይቆጠራል? (አንድ አባት፣ ከዉድብሪጅ)

አዎ፣ ይቆጠራል። በመኪናው ውስጥ ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው ካለ ጉዞው ነጻ ነው፤ የስድስት ወር ሕፃንም አንድ ሰው ነው። ይሁን እንጂ ነጻ የሚሆነው ኢዚ ፓስ ፍሌክስ የሚባለው የመንገድ ክፍያ መሣሪያ ካለዎትና ማብሪያውን የብዙ ሰው ምልክት ወዳለበት ካዞሩት ብቻ ነው። ተራው ኢዚ ፓስ ሰው መቁጠር ስለማይችል ስድስት ሆነው ቢሄዱም ያስከፍልዎታል። ብቻዎን እያሉ ማብሪያውን ማዞር ደግሞ ያስቀጣል። መሣሪያ ሳይኖርዎት ከገቡ ከክፍያው በላይ ተጨማሪ ወጪ ያለበት ደረሰኝ በፖስታ ይደርስዎታል።

ዋጋው የሚቀያየረው ሆን ተብሎ ነው። መስመሩ ሲሞላ ዋጋው ከፍ ይልና የሚገባው ሰው ይቀንሳል፤ በዚህ ዘዴ መኪናው ሳይቆም እንዲንቀሳቀስ ይደረጋል። ጣሪያ የለውም። ሆኖም ከመግቢያው በፊት በሰሌዳው ላይ የሚያዩት ዋጋ እርስዎ የሚከፍሉት ነው፤ ከገቡ በኋላ ቢጨምር አይነካዎትም። ስለዚህ ሰሌዳውን አንብበው ይወስኑ። በሰሌዳው ላይ ብዙ ዋጋ ይደረደራል፤ እርስዎ የሚፈልጉት ከሚወርዱበት ቦታ ስም ጎን ያለውን ነው።

አቅጣጫው እንደሚለዋወጥም ይወቁ። በሥራ ቀናት ጠዋት ወደ ሰሜን፣ ከቀትር በኋላ ወደ ደቡብ ያስኬዳል፤ በመሐል ረፋዱ ላይ ተዘግቶ ይገለበጣል። ቅዳሜና እሁድ ሰዓቱ ሌላ ነው። ከ2023 ጀምሮ መስመሩ እስከ ፍሬድሪክስበርግ ስለተራዘመ በፊት ከነበረው በጣም የተሻለ ነው። ከሦስት አክሰል ጀምሮ ያሉ ከባድ መኪናዎች አይገቡበትም፤ እነሱን ለሚፈራ አሽከርካሪ ይህ ብቻውን ለገንዘቡ ይበቃዋል ብዬ አምናለሁ።

ሀይዌይ ስገባ ልቤ ይመታል። ከባድ መኪና አጠገቤ ሲመጣ መሪውን አጥብቄ ይዤ ዓይኔን መጨፈን ያምረኛል። ምን ይሻለኛል? (አንዲት እህት፣ ከማናሳስ)

የሚያስፈራው ክፍል ሃያ ሰከንድ የማይሞላ ነው፤ እሱንም ከፋፍለን ልንለማመደው እንችላለን። መግቢያው ላይ ጠምዝዘው እንደጨረሱ ነዳጁን ይርገጡ። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ፈርቶ በ40 ማይል ይመጣና በ65 ከሚበር መኪና ጋር ለመቀላቀል ይሞክራል። ፍጥነትዎ ከእነሱ ጋር ከተስተካከለ ክፍተት ማግኘት ቀላል ነው። ፍሬቻ ያብሩ፣ የጎን መስታወቱን ይዩ፣ አንገትዎን አዙረው መስታወቱ የማያሳየውን ቦታ ይቃኙ፣ ክፍተቱን መርጠው ይግቡ። መግቢያው ጫፍ ላይ ደርሰው አይቁሙ፤ ከቆሙበት ተነስቶ መቀላቀል ከሁሉ ይልቅ ከባድ ነው። እሁድ ማለዳ መንገዱ ባዶ ሲሆን ከአንድ መግቢያ ገብተው በሚቀጥለው መውጫ ይውጡ፤ ይህን ደጋግመው ያድርጉት።

ከባድ መኪናን በተመለከተ፣ የሾፌሩን መስታወት ማየት ካልቻሉ እሱም እርስዎን አያይም። ከጎኑ ተለጥፈው አይቆዩ፤ ወይ ቶሎ ይለፉት ወይ ወደ ኋላ ይቅሩ። ካለፉት በኋላ ተመልሰው ፊቱ ሲገቡ በውስጥ መስታወትዎ የመኪናው ፊት ሙሉ በሙሉ እስኪታይ ይጠብቁ።

ከፊትዎ ካለው መኪና የሚኖርዎትን ርቀት በሰከንድ ይለኩት። የቨርጂኒያ የአሽከርካሪዎች መማሪያ መጽሐፍ በሀይዌይ ፍጥነት አራት ሰከንድ ይላል። ከፊት ያለው መኪና አንድን ምሰሶ ሲያልፍ «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት» እያሉ እርስዎ ምሰሶው ጋር እስኪደርሱ ይቁጠሩ። በ70 ማይል ሲነዱ በአንዲት ሰከንድ ከ100 ጫማ በላይ ይጓዛሉ፤ ስልክ ላይ ለሁለት ሰከንድ ዓይንን መጣል ማለት ከ200 ጫማ በላይ ሳያዩ መሄድ ነው። በዚህ ግዛት ከ2021 መጀመሪያ አንስቶ እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝ ራሱ ያስቀጣል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ 125 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ 250።

ሁሉም ሰው በ80 እና በ85 ነው የሚነዳው። ከሰው ጋር እኩል መሄድ ችግር አለው? (አንድ ወጣት፣ ከፌርፋክስ)

ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ በጥሞና ስማኝ። ቨርጂኒያ እንደ ሌሎች ግዛቶች አይደለችም። ከተፈቀደው በ20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ከነዳህ፣ ወይም የተፈቀደው ምንም ይሁን ምን ከ85 ማይል ካለፍህ፣ በግዴለሽነት መንዳት ተብሎ ትከሰሳለህ። ይህ ተራ የትራፊክ ቅጣት አይደለም፤ የወንጀል ክስ ነው። ሕጉ እስከ 12 ወር እስራት፣ እስከ 2,500 ዶላር ቅጣትና መንጃ ፈቃድህን እስከ ስድስት ወር ማገድን ይፈቅዳል። ዳኛው ሁልጊዜ ያንን ሁሉ አይፈርድም፤ ግን ጥፋተኛ ከተባልህ በወንጀል መዝገብህ ላይ ይሰፍራል።

ሂሳቡን አስላው። ከፍሬድሪክስበርግ በታች 70 በተፈቀደበት 86 ብትነዳ ያለፍከው በ16 ብቻ ነው፤ ግን ወንጀል ነው። 55 በሆነበት ደግሞ 75 ይበቃል። በሹፌርነት ለሚተዳደር፣ ወይም የዜግነት ማመልከቻ ለሚጠባበቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። እንዲህ ያለ ክስ ከደረሰብህ ጠበቃ ሳታማክር ፍርድ ቤት አትቅረብ። «ሁሉም እንደኔ ነበር የሚነዳው» የሚለው መልስ አንድንም ሰው ሲያድን አላየሁም። የራዳር ማወቂያ መሣሪያም በዚህ ግዛት ሕገወጥ ነው። ልትቆጥብ የምትችለውን ጊዜ አስበው፤ ከፍሬድሪክስበርግ እስከ ሪችመንድ ባለው 50 ማይል በ70 እና በ85 መካከል ያለው ልዩነት ስምንት ደቂቃ አይሞላም።

መጨናነቅ ሲኖር ስልኩ «ወደ ሩት 1 ውጣ» ይለኛል። ልታዘዘው?

የሚቆጥብልዎት ከአስር ደቂቃ በታች ከሆነ አይውጡ። ሩት 1 ከ95 ጎን ለጎን የሚሄድ ቢሆንም የትራፊክ መብራት የበዛበት ነው፤ ስልኩ ለእርስዎ የነገረውን ለሺህ ሰው ስለሚናገር እርስዎ ሲደርሱ ሞልቶ ይጠብቅዎታል። 95 በአደጋ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ግን ይውጡ።

ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ቶሎ ቶሎ መቆም አለብኝ። መጸዳጃ የት አገኛለሁ? (አንድ አባት)

አባቴ፣ ሰማያዊ የማረፊያ ሰሌዳ ይመልከቱ። ወደ ደቡብ ሲሄዱ ዴል ሲቲ አካባቢ፣ ከዚያ ፍሬድሪክስበርግ፣ ከዚያ ሌዲስሚዝ ላይ፣ ማይል 108 አካባቢ፣ ማረፊያ አለ። ንጹሕ ናቸው፣ አያስከፍሉም። ሌዲስሚዝ ላይ ባይቸግርዎትም ይቁሙ፤ እግርዎንም ያፍታቱ።

በክረምት፣ በረዶ ሊጥል ነው ከተባለ መሄድ ይቻላል?

ቀኑን መለወጥ ከቻሉ ይለውጡት። ጥር 3 ቀን 2022 የሆነውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። መጀመሪያ ዝናብ ስለዘነበ አስፋልቱን አስቀድሞ በጨው ማከም አልተቻለም፤ በላዩ በረዶው በፍጥነት ወረደ፣ ከባድ መኪኖች ተንሸራተው መንገዱን ዘጉ። ከመውጫ 104 እስከ 152 ያለው 48 ማይል ተዘግቶ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሌሊቱን በመኪናቸው ውስጥ አደሩ። ከሪችመንድ ወደ ዋሽንግተን ይጓዙ የነበሩት ሴናተር ቲም ኬን ሁለት ሰዓት በሚፈጅ መንገድ ላይ 27 ሰዓት ያህል ቆይተዋል። ሥልጣን መንገድ አይከፍትም።

የግድ ከሆነ ግን ነዳጁን ሞልተው፣ ብርድ ልብስ፣ ውሃ፣ የሚበላ ነገር፣ የየዕለት መድኃኒትዎንና የስልክ ቻርጀር ይዘው ይውጡ። ከመነሳትዎ በፊት 511 ደውለው የመንገዱን ሁኔታ ይጠይቁ። በበረዶ ውስጥ ቆመው ሞተር ካስነሱ የጭስ ማውጫው በበረዶ እንዳልተደፈነ ወርደው ያረጋግጡ፤ ከተደፈነ ጭሱ ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ሽታ ስለሌለው ሳይታወቅ ይገድላል። በዝናብም ጊዜ ቢሆን መጥረጊያው ከሠራ የፊት መብራት ማብራት በቨርጂኒያ ግዴታ ነው።

መኪናዬ መሐል ላይ ቢበላሽስ? (አንዲት እህት፣ ከስተርሊንግ)

መንቀሳቀስ እስከቻለ ድረስ ወደ ቀኝ ዳር አውጥተው፣ ከነጭ መስመሩ በተቻለ መጠን ርቀው ይቁሙ። የአደጋ መብራቱን ያብሩ። መውረድ ካለብዎት መኪና በማይመጣበት፣ በቀኝ በር ይውረዱና ከብረት አጥሩ ጀርባ ይቁሙ እንጂ ከመኪናዎ ኋላ ወይም ፊት አይቁሙ። ጎማ በግራ በኩል ከፈነዳ ራስዎ ለመቀየር አይሞክሩ። ከ2023 ሐምሌ ጀምሮ ማንኛውም አሽከርካሪ የአደጋ መብራት ላበራ የቆመ መኪና መስመር እንዲለቅ፣ ካልቻለ እንዲያዘግም ሕጉ ያስገድዳል፤ ግን ሕጉን ሁሉም አያውቀውም።

የተጎዳ ሰው ካለ 911 ይደውሉ። ካልሆነ በእጅ ስልክዎ #77 ቢደውሉ የግዛቱን ፖሊስ ያገኛሉ። ወደ ሰሜን ወይስ ወደ ደቡብ እየሄዱ እንደነበርና በአቅራቢያዎ ባለችው ትንሽ አረንጓዴ ምልክት ላይ የተጻፈውን የማይል ቁጥር ይንገሯቸው። የግዛቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በዚህ መንገድ የሚያሰማራቸው የእርዳታ መኪኖች አሉ፤ ጎማ ይቀይራሉ፣ ባትሪ ያስነሳሉ፣ ነዳጅ ላለቀበትም ጥቂት ይሰጣሉ። አንድም ሳንቲም አይጠይቁም።