«ጉንፋን ናት»

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እንዴት ዋላችሁ? ዳኛችን ስለ ጤና በአጠቃላይ ተናገሪ ብለውኛል። በአጠቃላይ አልችልም። አንድ ነገር ሆዴን ሲበላኝ ከርሟል።

ያንን አናጢ ጎረቤታችንን አልረሳችሁትም። የተቀመጣችሁበትን አግዳሚ የሠራው እሱ ነው። ልቡን ያመው ነበር፣ መድኃኒቱን ግን አንድ ቀን አያሳልፍም። ባለፈው ግንቦት በዚያ የድሬ ሙቀት ጋቢ ተከናንቦ ደጁ ላይ አገኘሁት። ያተኩሰዋል፣ ያስለዋል፣ አጥንቱን ይቆረጥመዋል። «ምነው?» አልኩት። «ጉንፋን ናት፣ ሲስተር» አለኝ። ፌጦውንም ሎሚውንም ጨርሶታል። እኔም፣ ሠላሳ ዓመት ነርስ የነበርኩት ሴትዮ፣ «አይዞህ፣ ታልፋለች» ብዬው ሄድኩ! በአምስተኛው ቀን ደረቱን ጨምቆ ያዘው። ባጃጅ ውስጥ ደግፌዋለሁ። ደቻቱን ሳንሻገር እጁ ከእጄ ላይ ላላ። ለቅሶው ላይ ሁሉም «ልቡ ነው» አለ። ጉንፋኗን ያነሳ ሰው የለም።

ጥፋቱ ከስሙ ይጀምራል። አፍንጫ የምታዝረከርከውንም፣ አልጋ ላይ የሚጥለውን ኢንፍሉዌንዛንም ጉንፋን እንላለን። በ1911 አያቶቻችንን የፈጀው የህዳር በሽታ እኮ ኢንፍሉዌንዛ ነበር! ሰውነት ኢንፍሉዌንዛን ሲታገል ይቆጣል፤ ያኔ በልብ ደም ስር ግድግዳ የተጋገረው ስብ ሊሰነጠቅ፣ ደም ሊረጋበት ይችላል። ትኩሳቱ ደግሞ ልብን ያስሮጣል። ካናዳ ውስጥ ተጠንቶ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት፣ ኢንፍሉዌንዛ በተረጋገጠ በመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት የልብ ድካም ሳይሆን ድንገተኛው የልብ ጥቃት 6 እጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። በ8 አገሮች 2,500 የሚያህሉ፣ አብዛኞቹ የልብ ጥቃት የደረሰባቸው ሕሙማን ደግሞ ገሚሱ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት፣ ገሚሱ ክትባት የሌለበት መርፌ ተወጉ። በዓመቱ ከተከተቡት 2.9 በመቶ፣ ካልተከተቡት 4.9 በመቶ ሞቱ።

ክትባቱ የልብ መድኃኒትን አይተካም። በየዓመቱ መወጋት አለበት፣ ቫይረሱ መልኩን ይለውጣላ። በመርፌ የሚሰጠው የሞተ ቫይረስ ነው፣ ኢንፍሉዌንዛ አያስይዝም።

በመንግሥት መደበኛ ክትባት ውስጥ ስለሌለ ግን ማንም ቤታችሁ አያመጣላችሁም። እኛስ? ለድንኳን አለን። ለሳጥን አለን። ለንፍሮ አለን! በቁሙ ላለ ሰው አንዲት መርፌ ሲባል «መተዳደሪያ ደንቡ አይፈቅድም»! ሰው እስኪሞት የሚጠብቅ ደንብ ምን ደንብ ነው?

ልብ፣ ስኳርና ግፊት ያለባቸውን አባላት ስም ጽፌ መጥቻለሁ። 23 ናቸው። ሐኪማቸውን ያማክሩ፣ መድኃኒት ቤቶቹን እኔ እጠይቃለሁ። ገንዘብ ያዣችን እዚሁ አሉ። ደንቡ ይሻሻል የምትሉ፣ እጃችሁን አውጡ።